ቀለሙን አይቼ መስመሩን ሳላነብ

ስህተቱ አንዲት ምልክት ነበረች። የየዕለቱን መዝገቦች የሚቆጥር ኮድ ነው፤ የቀኑ ማብቂያ ሰዓት ላይ «ያንሳል» ይል የነበረው «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ሆኖ ተገኘ። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የተመዘገበ ነገር ሁሉ በሚያልቀው ቀንም በሚጀምረው ቀንም መቆጠር ጀመረ። ለውጡን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። መርምሬ ያሳለፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስሜም ከሥሩ ሰፍሯል።

እንዴት እንዳመለጠኝ ለመናገር ቀላል ነው። ጸሐፊው የፈንክሽኑን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል፣ ሆድ በሙሉ ስህተት በሚይዝ ብሎክ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ስለዚህ መስመሮቹ ሁሉ አራት አራት ባዶ ቦታ ወደ ውስጥ ገቡ። ኮድ የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሬ፣ አሮጌውን ቅጂ በግራ አዲሱን በቀኝ አድርጎ ልዩነቱን በቀለም የሚያሳይ የራሱ ማነጻጸሪያ አለው፤ ይህን ሲያይ ግራውን በሙሉ ቀይ፣ ቀኙን በሙሉ አረንጓዴ ቀባልኝ። 200 ያህል መስመር ነው። እኔም «ገባ ገባ አለ እንጂ አልተለወጠም» ብዬ ለራሴ ነገርኩና እያንሸራተትኩ ወረድኩ። ከታች ስደርስ ይለፍ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ቆጠራው ከተዛባ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ኤዲተሬን አልነኩትም። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ከፍተው የፋይሉን ሁለት ቅጂዎች ለብቻው ለሚሠራ ማነጻጸሪያ ፕሮግራም ሰጡት፤ ቀጥለው የባዶ ቦታን ልዩነት እንዲያልፍ አዘዙት። ያ ሁሉ ቀለም በአንድ ጊዜ ጠፋ። የቀሩት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ብሎኩ የሚከፈትበት፣ ብሎኩ የሚዘጋበት፣ መሀል ላይ ደግሞ ያቺ ምልክት ብቻዋን ቆማ።

«ወንድሜ፣» አሉኝ፤ «ይህን ሁሉ ቀለም አንብበኸዋል ወይስ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብቆርጠው «ከኤዲተር ውጪ ያለ ማነጻጸሪያ ይሻላል» የሚል ማስታወቂያ ይመስላል። እውነቱ ግን የእኔም ኤዲተር የባዶ ቦታን ልዩነት እንዲያልፍ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረው። በመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ከሌሎች ትንንሽ ምልክቶች ጋር ተሰልፎ፣ ዓይኔ እያየው ለዓመታት ኖሯል። ያወቅሁት ከዚያ ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ እኚህ ሰው ያደረጉልኝ ነገር በቁልፍ ብዛት የሚለካ አይደለም። ኮዱን ከጻፍኩበት ቦታ አውጥተው፣ መጻፍ የማይመችበት ሌላ መስኮት ውስጥ አስቀመጡት። እጄ ሥራ ሲፈታ ዓይኔ ሥራ አገኘ። ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ማነጻጸሪያ የሚባለው ፕሮግራም ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው በዚህ ላይ ያለው እምነት ከሚገባው በላይ ሆኖ ስለማየው ነው።

የዘሩ ሁሉ አባት ዲፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዩኒክስ ከሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት 5ኛ እትም ጋር የወጣ፣ በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የዳግላስ ማክኢልሮይ ሥራ። ከጀርባው ያለውን ስሌት ከጄምስ ሃንት ጋር ሆነው በ1976 ባወጡት ሪፖርት አብራርተውታል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ የሚገኙ የጋራ መስመሮችን ፈልግ፤ ከእነዚህም የሚረዝመውን ሰንሰለት ምረጥ፤ ከሰንሰለቱ ውጪ የቀረው በአሮጌው በኩል ከሆነ «ተሰርዟል»፣ በአዲሱ በኩል ከሆነ «ተጨምሯል» በል። ዛሬም የምንጠቀምባቸው ማነጻጸሪያዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሐሳብ ሩቅ አልሄዱም። የኮድን ለውጦች ታሪክ የሚመዘግበው ጊት ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራበት ስሌት ዩጂን ማየርስ በ1986 ያሳተመው ሲሆን፣ እሱም አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ነው።

አጭሩን መንገድ ይፈልጋል እንጂ የተሄደበትን መንገድ አይፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ማነጻጸሪያው ፕሮግራመሩ ሲጽፍ አላየም። አንድ ክፍል ጠዋት አይቶ ማታ ተመልሶ ያየ ሰው «ወንበሩ ከዚህ ወደዚያ ሄዷል» እንደሚለው ነው፤ ወንበሩ መጀመሪያ ወጥቶ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያ የሚያሳየን ልዩነት ግምት ነው። ብዙ ጊዜ ጥሩ ግምት ነው፤ ቀለሙ ግን ግምት መሆኑን ያስረሳል።

ግምቱ ሲስት ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሁለት ፈንክሽኖች ተከታትለው የተጻፉበት ፋይል ይውሰድ፤ ሁለቱም በመዝጊያ ቅንፍ ያልቃሉ። መሀላቸው ሦስተኛ ፈንክሽን ይጻፍ። ጸሐፊው የጨመረው ከራስጌው እስከ ግርጌው አንድ ሙሉ ፈንክሽን ነው። ማነጻጸሪያው ግን አንዳንድ ጊዜ የቀድሞውን ፈንክሽን መዝጊያ ቅንፍ ለአዲሱ ይሰጥና፣ «ለቀድሞው አዲስ ቅንፍ ተጨምሮለታል» ይላል። በመስመር ብዛት ሁለቱም ታሪኮች እኩል ናቸው፤ ቅንፍ ከቅንፍ አይለይም። ለሚያነብ ሰው ግን አንደኛው እውነት ነው፣ ሌላኛው የልጅ ልውውጥ። ጊት ከጊዜ በኋላ የመስመሮቹን ገባ ማለት እያየ እንዲህ ያለውን አሰላለፍ እንዲያስተካክል ተደርጓል፤ እንደዚያም ሆኖ የኮዱ አጻጻፍ ሲለዋወጥ ማምለጡ አልቀረም።

ለዚህ መፍትሔ ካመጡት አንዱ ቢትቶረንት የተባለውን ፋይል መለዋወጫ የሠራው ብራም ኮኸን ነው። የእሱ ዘዴ ፔሸንስ ይባላል፤ ስሙ ብቻን ከሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ የመጣ ቢሆንም ትርጉሙ ትዕግስት ነውና ደስ ይለኛል። በሁለቱም ፋይል አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኙትን መስመሮች ፈልጎ እንደ ችካል ይተክላቸዋል፤ ሌላውን በእነሱ መሀል ያነጻጽራል። በየቦታው የሚደጋገም ቅንፍና ባዶ መስመር ችካል ሊሆን አይችልም፤ የፈንክሽን ስም ግን ይሆናል። ሂስቶግራም የሚባለው ዘዴ ይህንኑ አስፋፍቶ፣ ብርቅ የሆኑትን መስመሮች ያስቀድማል። አንድ ለውጥ አልገባኝ ሲል ጊትን በሂስቶግራም እንዲያነጻጽር አዘዋለሁ። ሁለቱ ፋይሎች እነዚያው ናቸው፤ የሚነገረኝ ታሪክ ግን ሌላ ይሆናል። ሁለተኛ ምስክር እንደ መጥራት ያለ ነው።

ከኤዲተር ውጪ ያሉትን ማነጻጸሪያዎች እንድወድ ካደረጉኝ ነገሮች ዋናው እዚህ ጋ ይመጣል። ቢዮንድ ኮምፔርን፣ ኬዲፍ3ን ወይም ዊንመርጅን የመሳሰሉት ግምታቸው ሲስት ቁጭ ብሎ ከማየት ያድናሉ፤ ጣልቃ ገብቼ «ይህ መስመር የዚያኛው ወንድም ነው» ማለት እችላለሁ። ከግራ አንድ መስመር፣ ከቀኝ አንድ መስመር እመርጥና አያይዛቸዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ዙሪያ እንደገና ይሰለፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳደርግ 80 መስመር የሚሆን የተዘበራረቀ ቀለም ወደ 6 መስመር ወረደ። ፈንክሽኑ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ታች ሄዶ ኖሯል፤ ሲሄድም ስሙን ቀይሯል። ማነጻጸሪያው ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እኔ ግን ጸሐፊውን ስለማውቀው ገመትኩ።

እንግዲህ ወደ መስኮቱ ነገር ልመለስ። ኤዲተር ውስጥ ሆኜ ለውጥ ስመለከት ጣቶቼ ፊደል ገበታው (ኪቦርዱ) ላይ ናቸው። ስም የማይጥመኝ ተለዋዋጭ አያለሁ፣ ቀየር አደርገዋለሁ። ማብራሪያው ላይ ነጥብ ጎድሏል፣ እጨምራለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እየመረመርኩት የነበረው ለውጥ እኔ ራሴ የምለውጠው ሆኗል፤ አንባቢነቴን ትቼ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ውጪ ያለው ፕሮግራም ግን ስለ ኮዱ ምንም አያውቅም። ስም ስጽፍ አይጨርስልኝም፣ ስህተት ከሥሩ አያሰምርም፣ ወደ ፈንክሽኑ መነሻ አይወስደኝም። ይህን ሁሉ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት ሰዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። ለእኔ ግን ያ ድንቁርናው ነው የሚጠቅመኝ። የራሴን ኮድ የሌላ ሰው አድርጎ ያሳየኛል።

ቪም ወይም ኢማክስ የሚባሉትን ኤዲተሮች የሚጠቀሙ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ይስቁብኛል። ቪምዲፍም ሆነ የኢማክሱ ኢዲፍ ማነጻጸሪያውን ከመጻፊያው ጋር ያዋሃዱ ናቸው፤ ሰዎቹም በጣት ልምድ ከአንዱ ልዩነት ወደ ሌላው ሲዘሉ ዓይን አይከተላቸውም። እንደ እነሱ ብሆን ይህን ጽሑፍ ላልጽፈው እችል ነበር።

አሁን ስለ ማገናኘቱ። ኤዲተሩን ወይም ጊትን ከውጪ ማነጻጸሪያ ጋር ማገናኘት በመሠረቱ ሁለት የፋይል አድራሻዎችን ለሌላ ፕሮግራም ማቀበል ነው። ጊት አሮጌውን ወገን «ሎካል»፣ አዲሱን «ሪሞት» ብሎ ይጠራቸዋል፤ አንዳንድ የፕሮግራም መጻፊያዎች ደግሞ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር ያስቀምጧቸዋል፣ %1 እና %2 እያሉ። ይኸው ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፋል፣ ያልቃል። እኔ ግን በዚህ አንድ መስመር ላይ የሠራሁትን ስህተት ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም፤ ሦስቱን ብቻ ልናገር።

መጀመሪያ፣ አድራሻዎቹን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አላስገባሁም ነበር። አንደኛው ፋይል ያለበት ማህደር በስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ነበረው። ሁለት ፋይል ልኬ ሦስት ክፍል ያለው መስኮት ተከፈተልኝ፤ ማነጻጸሪያው፣ ሜልድ የሚባለው፣ አድራሻውን ባዶ ቦታው ላይ ለሁለት ቆርጦ «ሦስት ፋይል ተሰጠኝ» ብሏል። በቀልድነቱ ጥሩ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ያን ያህል አላሳቀኝም። ኤዲተሩን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን ራሱን የጊት ማነጻጸሪያ አድርጌ ሳስቀምጥ፣ መስኮቱ እስኪዘጋ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን «ዌይት» የሚባል ምርጫ ረሳሁት። ኤዲተሩ ሲጠራ «እሺ» ብሎ ወዲያው ይመለሳል፤ መስኮቱን የሚከፍተው በራሱ ጊዜ ነው። ጊት ደግሞ የተጠራው ፕሮግራም ከተመለሰ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ለማነጻጸሪያ ብሎ ያዘጋጃቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች ያጠፋል። መስኮቱ ሲከፈት በግራ በኩል የሚታይ ነገር የለም። እኔም አዲስ የተፈጠረ ፋይል መስሎኝ በዚያው መንፈስ መረመርኩት። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ፋይል ነው።

ሦስተኛውን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ሁለት አሮጌ ኮሚቶችን፣ ጊት ውስጥ የተመዘገቡ የቀድሞ ለውጦችን፣ እያነጻጸርኩ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ኮድ መስተካከል እንዳለበት ታየኝ፤ ማነጻጸሪያው ውስጥ መጻፍ ይቻላልና እዚያው ማስተካከል ጀመርኩ። ወደ 40 ደቂቃ ሠራሁ። የተበታተነውን ሰበሰብኩ፣ ድግግሞሹን አወጣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። ወደ ኤዲተሬ ስመለስ የለም። ጊት አሁን እየሠራሁበት ያለውን ፋይል ሲያነጻጽር እውነተኛውን ፋይል ነው የሚሰጠው፤ እዚያ የተጻፈ ይቀራል። ሁለት አሮጌ ኮሚቶችን ሲያነጻጽር ግን ሁለቱም ወገን ቅጂ ነው፤ ጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል። የመስኮቱ አናት ላይ ያ እንግዳ አድራሻ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ባነበው ኖሮ ይታየኝ ነበር፤ አላነበብኩትም። ቀለሙን ነበርና የማየው። ከዚያ ወዲህ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው አድራሻው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዲፍን በስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞች በተደረደሩበት ፋይል፣ ውስጥ የሚጠሩ ሰዎች የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ። ዲፍ ፋይሎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1፣ ራሱ ችግር ካጋጠመው 2 ይመልሳል። በፕሮግራሞች ዓለም ግን ከ0 ሌላ የሆነ ቁጥር ሁሉ «አልተሳካም» ማለት ነው። ልዩነት ሲያገኝ ሥራው ከሸፈ ተብሎ የሚቆም ስክሪፕት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዲፍ ግን የታዘዘውን አድርጎ ነው የተመለሰው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

የሁለት ሰዎችን ለውጥ ወደ ማዋሃድ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ የውጪው ማነጻጸሪያም ዋጋው እዚያ ላይ ይታያል። ሁለት ሰዎች አንድን መስመር ለየብቻቸው ሲለውጡ ጊት ፋይሉ ውስጥ ሰባት የ«ያንሳል» ምልክት፣ ሰባት የእኩል ምልክት፣ ሰባት የ«ይበልጣል» ምልክት ደርድሮ ሁለቱን ወገን በመሀላቸው ያስቀምጥና «አንተው ዳኘው» ይላል። ጀማሪ ሳለሁ የማደርገው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበር። አንድ መስመር ልጥቀስ። በእኔ በኩል «ጥበቃ 60፣ ሙከራ 3» ይላል። በሌላኛው በኩል «ጥበቃ 30፣ ሙከራ 5» ይላል። የትኛው ይሻላል? ሁለቱን ብቻ ይዞ ለሚያይ ሰው መልስ የለውም፤ ወይ ይገምታል ወይ ስልክ ይደውላል። ሦስተኛው ሲመጣ ግን፣ ማለትም ሁለታችንም የተነሣንበት የጋራ መነሻ፣ እሱ «ጥበቃ 30፣ ሙከራ 3» ይላል። አሁን ጥያቄም አልቀረም። እኔ ጥበቃውን ወደ 60 አንሥቻለሁ፣ እሱ ሙከራውን ወደ 5 አንሥቷል፤ ሁለታችንም የፈለግነው 60 እና 5 ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ መሄድ የአንዳችንን ሥራ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መሰረዝ ይሆን ነበር።

ዲፍ3 የሚባለው ሦስት ፋይሎችን የሚያነጻጽር ፕሮግራም ከ1979ኙ 7ኛ የዩኒክስ እትም ጀምሮ ነበረ። እንዲህ ያረጀ ሐሳብ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ዛሬም ግጭትን በሁለት ወገን ብቻ እያየ መፍታቱ ይገርመኛል። ጊት ራሱ መነሻውን በግጭቱ መሀል እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ የግጭት አጻጻፉን ወደ «ዲፍ3» መቀየር ነው፣ ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የጋራውን ከዳር ከዳሩ የሚቀንሰው «ዜድዲፍ3» አለ። ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ግን ሦስትና አራት ክፍል ያለው መስኮት ይሻለኛል። መነሻው መሀል ላይ፣ የእኔ ከግራ፣ የሌላው ከቀኝ፣ ውጤቱ ከታች። ግጭቱ ትልቅ ከሆነ ሦስቱን በአንድ የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ከምልክት ጋር ቀላቅሎ ማንበብ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

«የእኔ ከግራ» አልኩ፤ እዚህ ላይ ጊት አንድ ክፉ ቀልድ አለው። ተራ ውህደት ሲሆን «የእኛ» የሚለው ያለሁበት ቅርንጫፍ፣ ማለትም የምሠራበት የኮዱ የተለየ ቅጂ፣ ነው። ሪቤዝ የሚባለው ሲሆን ግን ጊት መጀመሪያ ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ሄዶ ይቆምና የእኔን ኮሚቶች አንድ በአንድ እላዩ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ «የእኛ» የሚለው የሌላው ይሆናል፣ «የእነሱ» የሚለው የእኔ። ነገሩ ሲያስረዱት ልክ ነው፤ ሲሠሩበት ግን ሁሌም ያሳስታል። ይህን ሳላውቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ የራሴን ሥራ በትጋት ሳጠፋ ውያለሁ። ማነጻጸሪያው መስኮት አናት ላይ የኮሚቱን መልእክት የሚያሳይ ከሆነ፣ «የእኛ» እና «የእነሱ» የሚሉትን ቃላት ትቶ እሱን ማንበብ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በራሳችን ፊደል ለምንጽፍ ብቻ የሚገባ። በአማርኛ የተተረጎሙ የፕሮግራም ጽሑፎችን የያዘ ፋይል እያነጻጸርኩ ነበር። የቀለመው መስመር ብዙ ነው፤ ግራና ቀኙን ደጋግሜ ባነብ አንድ ዓይነት ነው። ቃል በቃል፣ ሆሄ በሆሄ። ማነጻጸሪያው ያበደ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ የመስመሩን ጫፍ አጉልቼ ሳየው አንደኛው በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ሌላኛው አራት ነጥብ የሚመስል ነገር አለው፣ እሱ ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጻፍ የተሠራ ነው። «።» እና «፡፡»። ለዓይን ምን ልዩነት አላቸው? ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው አንድ ምልክት፣ በዩቲኤፍ-8 የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ምልክት፣ 6 ባይት። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አገኘሁ፦ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ሠራ»ና «ሰራ»፣ «ዓመት»ና «አመት»። አንባቢ በአንድ ድምፅ የሚያነበውን ማነጻጸሪያ እንደ ሁለት ባዕድ ቃል ያየዋል። እሱ የሚያውቀው የኮድ ቁጥር ነው እንጂ ድምፅ አይደለም።

የሚገርመው፣ እዚህ ላይ ፍርዱ እንደ ባዶ ቦታው ቀላል አለመሆኑ ነው። ባዶ ቦታን እለፍ ማለት ይቻላል፤ ሆሄን ግን እለፍ ማለት አልፈልግም። ሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ቃል ፍለጋ ላይ አይገኝም፤ ተጠቃሚው በ«ሠ» ሲፈልግ በ«ሰ» የተጻፈው ይቀርበታል። እንዲያውም ማነጻጸሪያው በዓይኔ የማላየውን ስላሳየኝ ማመስገን አለብኝ። ያደረግሁት በብዙ ማነጻጸሪያዎች ውስጥ ያለውን አንድ ዕድል መጠቀም ነው፦ ከማነጻጸር በፊት ፋይሉን በሌላ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ማሳለፍ። ድርብ ሁለት ነጥብን ወደ አራት ነጥብ ብቻ የሚቀይር ማጣሪያ ጻፍኩ። ሆሄያቱን አልነካሁም። ቀለሙ በአብዛኛው ረገበ፤ የቀሩት መነጋገር የሚያስፈልጋቸው ናቸው፣ ከተርጓሚዋ ጋርም ተነጋገርንባቸው። «እኔ እኮ ከሁለት የተለያየ ፊደል ገበታ ነው የምጽፈው፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ሥራ ቦታ» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ ያ ብቻ ነበር።

የማህደሮች ንጽጽር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ተጠቅሞበት የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ይሞክረው ከማለት በቀር። የሁለት ማህደሮችን ዛፍ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ በአንዱ ብቻ ያለውንና በሁለቱም ኖሮ የተለያየውን ማየት ኤዲተሮች እምብዛም የማይደክሙለት ሥራ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል፣ እዚያ አይሠራም» የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እዚያ ይገኛል።

ለትንሽ ለውጥ፣ ለሁለትና ለሦስት መስመር፣ ዛሬም ኤዲተሬ ውስጥ ያለውን ነው የምጠቀመው። ለዚያ ሌላ መስኮት መክፈት ግብዝነት ነው። ወደ ውጪ የምወጣው ለውጡ ከአንድ እይታ ሲያልፍ፣ ግጭት ሲኖር፣ ወይም የራሴን ሥራ ለሌላ ሰው ከመላኬ በፊት ነው። በዚህ በሦስተኛው አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አፍራለሁ። ለሙከራ የጻፍኩት የማተሚያ መስመር ተረስቶ አገኘዋለሁ፤ ወይም ውህደት ሲያልቅ ጊት ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠው «ኦሪግ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ከሌላው ጋር ታጭቆ ሊሄድ ሲል እይዘዋለሁ።

እኚያ ባልደረባዬ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚሠሩት። ከመሄዳቸው በፊት የጊት ማስተካከያ ፋይላቸውን ጠይቄያቸው ልከውልኝ ነበር፤ «ምን ይጠቅምሃል፣ የሽማግሌ ልማድ ነው» እያሉ። ሰሞኑን የእኔን ፋይል ከእሳቸው ጋር አነጻጸርኩት፤ በምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ማነጻጸሪያን በሚመለከተው ክፍል የተለያየነው በሁለት መስመር ብቻ ነው። አንዱ የፕሮግራሙ አድራሻ ነው፣ የኮምፒውተሮቻችን ልዩነት። ሁለተኛው ግን ትንሽ አቆመኝ። ጊት ወደ ውጪ ማነጻጸሪያ ከመሄዱ በፊት በየፋይሉ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፦ ከ12ቱ 1ኛው ፋይል ይህ ነው፣ ልክፈተው ወይ? እኔ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያጠፋሁት፤ አዎ አዎ እያልኩ ከርሜ ሰልችቶኝ። እሳቸው እንዳለ ትተውታል፣ በዚያ ሁሉ ዓመት።

ደውዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ረስተውት እንደሆነ ነበር የገመትኩት።

«ስንት እንደቀረኝ ይነግረኛል፤» አሉኝ። «ደግሞም 12 ፋይል ከሆነ ሰባተኛው ላይ መድከሜን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ አይሆንም እለዋለሁ፣ ነገ እመለስበታለሁ።»

መልሼ አበራሁት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተናድጄበታለሁ።